«ዶክተር ካልሆንሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ጥያቄ፦ የደላንታ ገበሬ ልጅ ነኝ። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ በመግባት የመጀመሪያዋ ነኝ፤ ደሴ የኅብረተሰብ ጤና እማራለሁ፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ምኞቴ በጤና ፍትሐዊነት ላይ መሥራት ነው። አባቴ ግን «ዶክተር ካልሆንሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሐኪም የሚያክመው ደጁ የደረሰውን ነው፤ አንቺ የምትፈልጊው ያልደረሰውን ነው በዪው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አባትሽ ያውቃቸዋል፤ እነርሱን መጥቀስ ይበቃል። ስለ ደመወዝ ከጠየቀሽ ግን አታስጎምጂው። የመጀመሪያ ሥራሽ ጤና ጣቢያ ወይም ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ክፍያውም የመንግሥት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ ፍትሐዊነት አጥብቀው የሚናገሩ ተማሪዎች ባዮስታቲስቲክስ፣ ማለትም የጤና መረጃን በቁጥር የመተንተን ትምህርት፣ ሲመጣ ይሸሻሉ። አንቺ አትሽሺ፤ ለምን እንደሚያስፈልግሽ በምሳሌ ላሳይሽ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ ቤተሰቦች መዋጮ ከፍለው የሚታከሙበት፣ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ አጠገብሽ ያለው ተሁለደሬ ነበር። መዋጮ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት ይከፍላል፤ ማን እንደማይችል የሚለየው ግን በየቀበሌው ነው። ታዲያ ከዝርዝሩ የቀረው ማን ነው? ባሏ የሞተባት? ከሌላ ቀበሌ መጥታ የተጠጋች? የተመዘገቡትን መቁጠር ቀላል ነው። የቀሩትን ለማግኘት በቀበሌው ስንት ቤተሰብ እንዳለ፣ ክረምት የትኛው ጎጥ መንገድ እንደሚዘጋበት፣ እናቶች እንግዳ ፊት የማይናገሩት ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል። ከዚህ ግማሹን ከቤትሽ ይዘሽ መጥተሻል፤ ከከተማ የመጣው ጓደኛሽ ገና ሊማረው ነው።

የመመረቂያ ጥናትሽ በዚህ ዙሪያ ይሁን። «የእናቶች ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር» የሚል ጥናት በየቤተ መጻሕፍቱ ሞልቷል፤ እባክሽ ሌላ አትጨምሪበት። እናቶቹን ተያቸውና አገልግሎቱን መርምሪ። ለልምምድ «አር» የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በነጻ ማውረድ ትችያለሽ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃም አመልክተው ለሚጠይቁ በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል።

ከቤተሰቡ ቀድሞ የተማረ ሰው የሌለው ተማሪ፣ መምህር ቢሮ ሄዶ መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ይመስለዋል። አይቆጠርም። አማካሪ እስኪመደብልሽ አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ባዮስታቲስቲክስ የሚያስተምር መምህር ዘንድ አንድ የተጻፈ ጥያቄ ይዘሽ ግቢ። ዛሬ ጊዜ ከሌለው መቼ እንደሚመቸው ጠይቂውና በቀጠሮው ተመለሺ።