አፕላይድ ላይ ዲ ስላመጣሽ ከኢንጂነሪንግ አትውጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። የሁለተኛ ዓመት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነሽ። አፕላይድ ዋን የሚባለው የሒሳብ ኮርስ ላይ ዲ አግኝተሻል። አሁን አፕላይድ ቱ ስትገቢ ገና መምህሩ ቦርድ ላይ መጻፍ ሲጀምር ትጨነቂያለሽ። «ጭንቅላቴ ለሒሳብ አልተፈጠረም፣ ዲፓርትመንት ልቀይር ወይ?» ብለሻል። እኔ ሲቪል ተመርቄ እየሠራሁ ነው። ግቢ እያለሁም ከዚያ በኋላም ብዙ ጁኒየሮችን ሒሳብ አስጠንቻለሁ። ካየሁት ተነስቼ ልመልስልሽ።

በዚህ ዲ ምክንያት ብቻ አትውጪ። መጀመሪያ ነጥቡ የት ላይ እንደሚሄድብሽ ማወቅ አለብሽ።

ካስጠናኋቸው ብዙዎቹ «ካልኩለስ አይገባኝም» ብለው ነው የሚመጡት። ወረቀታቸውን ሳይ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ለምሳሌ ከላይ 1፣ ከታች ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4 ያለበትን ኢንተግራል ውሰጂ። የታችኛውን «ኤክስ ሲቀነስ 2» እና «ኤክስ ሲደመር 2» ብሎ ፋክተር ማድረግ የታችኛው ክፍል ሥራ ነው። በፓርሻል ፍራክሽን ለሁለት መክፈሉም ያው አልጀብራ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ካልኩለስ ሁለት ሎጋሪዝም፣ አንድ መስመር ብቻ ነው። ልጁ ግን ፋክተሩ ላይ ይቆምና ኢንተግራል አልችልም ብሎ ይደመድማል። ትሪጎኖሜትሪ ላይም እንደዚሁ ነው።

ይህ ደግሞ ያንቺ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ከታች ሳይሞላ የመጣ ትምህርት ነው እንጂ የጭንቅላት ጉድለት አይደለም።

ስለዚህ አፕላይድ ቱን እየተከታተልሽ ጎን ለጎን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ አውጪ። ዶርም ውስጥ ሰው ቢያይሽም አትሸማቀቂ። ሙሉውን ማንበብ አይጠበቅብሽም። ፋክተሪንግ፣ ፍራክሽን፣ ኤክስፖነንትና ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ የፈንክሽን ግራፍ፣ በቃ። መልመጃውን በእጅሽ ሥሪው። ቪዲዮ ማየት ወይም ዎርክሺት ከነመልሱ ማንበብ መሥራት አይደለም። ሰው ሲሠራ ስታዪ ሁሉም ነገር የገባሽ ይመስልሻል። መልሱን ሸፍነሽ ባዶ ወረቀት ላይ ስትጀምሪ ነው የሚታወቀው።

በራስ መተማመኑም የሚመጣው ከዚህ ነው። አልበርት ባንዱራ የሚባል ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1977 ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከየት እንደሚያገኝ ጽፎ ነበር። ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት፣ እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ሲያይ፣ ሌሎች ሲያበረታቱት፣ ከዚያም የራሱ ሰውነት የሚሰማው መረጋጋት ወይም ጭንቀት። ከአራቱ የመጀመሪያው ነው የሚበረታው። እኛ ግቢ ውስጥ የምንሰጣጠው ግን ሦስተኛውን ነው፤ «አይዞሽ፣ ትችያለሽ» እንባባላለን። ደስ ይላል። ግን ፈተና ክፍል ድረስ አብሮሽ አይገባም።

ፈተና ላይ የሚጠፋብሽም ሁሉ የማታውቂው አይደለም። ጭንቀት አእምሮ ለጊዜው ነገር የሚይዝበትን ቦታ ይሻማል። ፋክተር ማድረጉ ሳታስቢው የሚመጣልሽ ከሆነ፣ የተረፈው ቦታ ለዋናው ጥያቄ ይሆናል። አልጀብራውን ደጋግመሽ ሥሪ የምልሽ ለዚህም ነው።

አሁን ወደ ሲቪል እንምጣ፤ እዚህ ላይ ልቤ ይሞቃል። በሁለት ጫፉ የተደገፈ 6 ሜትር ቢም፣ ማለትም ጭነት የሚሸከም አግዳሚ፣ አስቢ። በየሜትሩ 20 ኪሎኒውተን ጭነት አለበት። ሺሩ፣ ማለትም ቢሙን እንደ መቀስ ሊቆርጥ የሚሞክረው ኃይል፣ ድጋፉ ላይ 60 ኪሎኒውተን ነው፣ መሃል ላይ ሲደርስ ዜሮ ይሆናል። ሞመንቱን፣ ማለትም ቢሙን የሚያጎብጠውን ጫና፣ ለማግኘት የሺር ዳያግራሙን (ሺሩ በቢሙ ርዝመት ላይ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳየውን ግራፍ) ስፋት ታወጫለሽ። ከድጋፉ እስከ መሃል ያለው ቅርጽ ሦስት ማዕዘን ነው፤ 3 ሜትር በ60፣ ሲካፈል ለ2፣ 90 ኪሎኒውተን ሜትር። ሁሉም ሲቪል ተማሪ በቃሉ የሚይዘው «ደብሊው ኤል ስኩዌር ሲካፈል ለ8» (ደብሊው የየሜትሩ ጭነት፣ ኤል ርዝመቱ) የሚሰጥሽም ያንኑ 90 ነው። ያን ስፋት ስታወጪ ኢንተግሬት አድርገሻል ማለት ነው። ሞመንቱ ከፍተኛ የሚሆነው ሺሩ ዜሮ የሆነበት ቦታ መሆኑም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሺሩ የሞመንቱ ዴሪቬቲቭ ነው። አፕላይድ ዋን ላይ ዴሪቬቲቩን ዜሮ አድርገሽ ማክሲመም ስትፈልጊ የሠራሽው ነው።

ይህ አፕላይድ ክፍል ውስጥ ቢነገር ብዙ ልጅ አይፈራም ነበር ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ የሒሳቡ መምህር ስለ ቢም አያነሳም፤ የሲቪሉ ደግሞ «አፕላይድ ላይ ተምራችኋል» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ግንኙነቱን ራስሽ ፈልጊው። አዲስ ምዕራፍ በጀመራችሁ ቁጥር አንድ ሲኒየር «ይህ የትኛው ኮርስ ላይ ይመጣል?» ብለሽ ጠይቂ።

ሥራ ላይ ኢንተግራል በእጄ የምሠራበት ቀን እምብዛም የለም። ሶፍትዌሩ ይሠራዋል። ግን ኢታብስ የሚባለው የስትራክቸር ሶፍትዌር ያወጣልኝ ሞመንት ልክ መሆኑን የማጣራው በዚያው በሦስት ማዕዘኑ ነው። ጭነት ሲገባ አንድ ዜሮ ቢሳሳት ሶፍትዌሩ አይነግርሽም።

ግቢያችሁ ቲቶሪያል ካለው ግቢ። ከአንቺ በጣም ከሚበልጥ ልጅ ይልቅ ትንሽ ከሚቀድምሽ ጋር አጥኚ፤ እሱ የት እንደተቸገረ ገና አልረሳውም።

ዲፓርትመንት መቀየርን የምመክርሽ ሥራውን ራሱን ካልወደድሽው ነው። ሳይትም፣ ድሮዊንግም፣ ስትራክቸርም ካልሳቡሽ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያኔ ቀይሪ። አሁን ግን የአፕላይድ ዋን ፋይናል ወረቀትሽን መምህሩን ጠይቂና እይው። ነጥብ ያጣሽባቸውን ለሁለት ክፈያቸው፤ ካልኩለሱ ያልገባሽ በአንድ በኩል፣ አልጀብራ ላይ የተሰናከልሽበት በሌላ በኩል። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።