የወንድም ብር፣ የእህት በርበሬ

ጥያቄ፦ ጅዳ ያለው ወንድሜ ቤት ውስጥ በርበሬ እያዘጋጀሁ እንድሸጥ 60,000 ብር ሊልክልኝ ነው። «በየወሩ 2,000 ብር ትሰጪኛለሽ» ይላል። ወለድ ይሆንብን ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ አዎ እህታችን። ከዋናው 60,000 ብር በላይ፣ ሸጥሽም አልሸጥሽም 2,000 ብሩ የሚጠየቅ ከሆነ ስሙ ምንም ይሁን ወለድ ነው። ሙዳረባ አድርጉት፤ ገንዘቡ የእሱ፣ ሥራው የአንቺ፣ ትርፉ በመቶኛ። 60 ለአንቺ፣ 40 ለእሱ ብትስማሙና የተጣራው ትርፍ 15,000 ብር ቢሆን፣ 9,000 ለአንቺ፣ 6,000 ለእሱ ይደርሳል። ያለ ጥፋትሽ ከከሰረ ብሩ የሚጎድለው ከእሱ ነው፤ የአንቺ ልፋት መና ይቀራል።

ጠብ የሚነሳው ግን ከሂሳብ ነው። ዛላው ሲቀነጠስና ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የኪሎ ዋጋ የሚወጣው ከወፍጮ መልስ ተመዝኖ ነው። ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የወፍጮው፣ ላስቲኩ ሁሉ ይጻፍ። የቤት አስቤዛ ከዚያ ብር አይነካ! ተደልዞ በደንብ ሳይደርቅ የታሸገ በርበሬ ይሻግታል። ሚዛን እንዲያነሳ ብሎ እርጥበት መተው ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርጥቡን እህል ከሥር ያደረገውን ነጋዴ የገሠጹት በዚሁ ነው።