ቶምና ጄሪን በብሉሬይ ላስመጣ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምጽፈው ከሀዋሳ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነውና የቶምና ጄሪን ጎልደን ኮሌክሽን ብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል ያለው ዲስክ) ላምጣልሽ ወይ አለችኝ፣ እኔ ግን በፍላሽ ያስገለበጥኩት ሞልቶኛል፣ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ ማጫወቻ አለሽ ወይ? ቤት ያለው ተራ የዲቪዲ ማጫወቻ ብሉሬይ አያነብም፣ ዲቪዲውን ይዛ ብትመጣ ደሞ ሪጅን የሚሉት፣ ዲስኩ በየትኛው አካባቢ እንደሚሰራ የሚወስነው ቁጥር፣ የአሜሪካ 1 ነው የኛ 5፣ ቻይና ሰራሹ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ባይመርጥም አስቀድመሽ ሞክሪው። የብሉሬይ ማጫወቻ ካለሽ ግን አታቅማሚ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ የቶምና ጄሪ ፈጣሪዎች ሐናና ባርቤራ ከ1940 እስከ 1948 የሰሯቸው 37 ፊልሞች በተራቸው አሉበት፣ በፍላሽ የሚዞረው እኮ ተገልብጦ ተገልብጦ ቶም ራሱ አይጥ መስሏል 😂 ቅር የሚለው ሁለተኛው ቮልዩም ነው፣ ሁለት ክፍል ቀንሰው ሊያወጡት ሲሉ አድናቂው ተቆጣና ጭራሽ ሳይወጣ ቀረ። ስለዚህ የ50ዎቹ እዚህ ስብስብ ውስጥ የሉም፣ በድሮው ዲቪዲ ላይ ደሞ በሰፊ ስክሪን የተሰሩትን አንዳንዶቹን ግራና ቀኝ ቆርጠዋቸዋል፣ ጄሪ ሮጦ ከስክሪን ሲወጣ ቶም ማንን እንደሚያባርር ግራ ይገባሻል። ለልጆች ከሆነ የፍላሹ ይበቃል፣ ለራስሽ ከሆነ ግን አምጪልኝ በያት።