ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አእምሮ ጤና ድርጅት፦ ስለ ሥራ ዕድሎች ለጠየቃችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ዓመት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበርኩ። አሁን የምሠራው የሕፃናትና የቤተሰብ አእምሮ ጤና ላይ በሚያተኩር ድርጅት ውስጥ ነው። ስለ ሁለቱም በኩል ጠይቁኝ ብዬ የመጡልኝን እነሆ እመልሳለሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሳይኮሎጂ ልመረቅ ነው። ከትንንሽ ልጆች ጋር መሥራት እፈልጋለሁ፤ ግን «ሳይኮሎጂስት» ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ መዋዕለ ሕፃናት አላየሁም። የት ልፈልግ?

የሥራውን መጠሪያ ተዪውና ሥራውን ፈልጊ። የዓለም የሥራ ድርጅት የሙያ ምደባ የቅድመ መደበኛ መምህራንን በመለያ ቁጥር 2342፣ የሕፃናት ተንከባካቢዎችን በ5311፣ ሳይኮሎጂስቶችን በ2634፣ የሶሻል ወርክና የካውንስሊንግ ባለሙያዎችን በ2635 ያስቀምጣል። በወረቀት ላይ አራት የተለያየ ሙያ ነው፤ አንድ ልጅ ሲቸገር ግን አራቱም እዚያው ልጅ ዙሪያ ነው የሚገናኙት። ስለዚህ «የቤተሰብ ድጋፍ ሠራተኛ»፣ «የቤት ለቤት ጉብኝት ባለሙያ»፣ «የወላጆች ሥልጠና አስተባባሪ»፣ «የልጆች እድገት ክትትል»፣ «የሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ ኦፊሰር» የሚሉትን ሁሉ እያስገባሽ ፈልጊ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ለራስሽ መልሺ። ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር ወለል ላይ መዋል ነው የምትፈልጊው ወይስ ልጁን ከሚያሳድጉት አዋቂዎች ጋር መነጋገር? የአእምሮ ጤና ድርጅቶች ሥራ በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። ይህን ሳያውቁ ገብተው «ልጆቹ የታሉ?» የሚሉ አዳዲስ ሠራተኞች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጅ የአእምሮ ጤና ሲባል አይገባኝም። ሕፃን ምን ብሎ ይታከማል?

ልጁን ብቻውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማናገር አይደለም። የሚሠራው በልጁና በአሳዳጊው መካከል ባለው ግንኙነት ላይ ነው። ጆን ቦውልቢና ሜሪ ኤይንስወርዝ ሕፃናት ከአሳዳጊያቸው ጋር ስለሚፈጥሩት ቁርኝት ያጠኑት ለዚህ መሠረት ሆኗል። ሶሻል ወርከሯ ሰልማ ፍሬይበርግ ደግሞ በ1970ዎቹ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ከባልደረቦቿ ጋር እናትና ሕፃንን ቤታቸው ድረስ እየሄደች አብራ ታይ ነበር። ዛሬ «የቤት ለቤት ጉብኝት» የሚባለው የሥራ መደብ ከዚያ ብዙ ወርሷል። በ2016 ዜሮ ቱ ስሪ የተባለው ድርጅት ከውልደት እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ብቻ የሚሆን የአእምሮ ጤናና የእድገት ችግሮች የምርመራ ምደባ አሳትሟል፤ መስኩ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ከዚህ ተረዱ።

ለሥራ ፈላጊ የሚጠቅመው ደግሞ ይህ ነው፦ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ በ2018 ስለ ልጆች ተንከባካቢ አስተዳደግ ባወጡት ማዕቀፍ ውስጥ አምስት ነገሮች አሉ፤ ጤና፣ የተመጣጠነ ምግብ፣ ለልጁ ስሜት ምላሽ የሚሰጥ እንክብካቤ፣ ደኅንነትና ከሕፃንነት ጀምሮ የመማር ዕድል። ብዙ ፕሮጀክቶች የሚነደፉት በዚህ ቋንቋ ነው። ቃለ መጠይቅ ከመግባታችሁ በፊት አንብቡት።

ጥያቄ፦ ለዘጠኝ ዓመት ሕፃናት አስተምሬያለሁ። ወደ አእምሮ ጤና ድርጅት መዛወር ብፈልግም ሲቪዬ ላይ ያለው ማስተማር ብቻ ነው። ማን ይቀጥረኛል?

እህቴ፣ «ማስተማር ብቻ» አትበይ። ያለሽን ሙያ በእነሱ ቋንቋ አላወጣሽውም እንጂ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ትልቁ ሀብትሽ ምልከታ ነው። እነዚህን ሁለት ማስታወሻዎች አስተያያቸው።

«ልጁ ተናዳጅና ተማታች ነው።»

«ከእንቅልፍ በተነሳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የያዘውን መኪና ሌላ ልጅ ወሰደበት። የልጁን ክንድ ነከሰ። ስጠራው ዞር አላለም፤ ጎኑ ተቀምጬ ጀርባውን ስነካው አለቀሰ። በዚህ ሳምንት የነከሰው ሁልጊዜ ከእንቅልፍ በኋላ ነው።»

የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ማንም ምንም ሊያደርግበት አይችልም። ሁለተኛው ግን ሰዓቱን፣ መነሻውንና ልጁን ያረጋጋውን ነገር ይዟል። ስሙን ስትጠሪው አለመዞሩ ደግሞ መስማቱ ይታይ ያሰኛል። ሁለተኛውን መጻፍ የሚችል ሰው በድርጅቶች ዘንድ ይፈለጋል። ሲቪሽ ላይ «የልጆችን ባህርይ ተከታትዬ እመዘግብ ነበር፣ ከወላጆች ጋር እመካከር ነበር፣ ለተጨማሪ ምርመራ አስተላልፍ ነበር» ብለሽ አስፍሪ። የልጅ ስምና የሚያሳውቅ ነገር የያዘ ማስታወሻ ግን እንደ ናሙና እንዳታቀርቢ! እዚያው ነው የሚጥሉሽ።

ጥያቄ፦ ማስተርስ ግዴታ ነው? አጫጭር ኮርሶችስ?

ሕክምና ልስጥ ካልክ አዎ፣ የምትኖርበት አገር የሚጠይቀውን ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ማሟላት አለብህ፤ አቋራጭ የለውም። የድጋፍ፣ የአስተባባሪነትና የማኅበረሰብ ሥራዎች ግን ብዙዎቹ በመጀመሪያ ዲግሪ፣ አንዳንዶቹም በዲፕሎማ ይጀመራሉ። በሁለት ቅዳሜና እሑድ «የሕፃናት ቴራፒስት» የሚያደርግ ኮርስ ሲመጣ ገንዘብህን ያዝ። የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ (ከባድ ነገር ለደረሰበት ሰው ወዲያው የሚሰጥ ድጋፍ) ሥልጠና ግን ጥሩ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2011 ያወጡት መመሪያ ባለሙያ ላልሆነም ሰው ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ። ሕፃናት አስተምራለሁ ስል ይስቁብኛል።

መዋዕለ ሕፃናትን በ1837 የጀመረው ፍሪድሪክ ፍሮብል ወንድ ነበር። ይሳቁ።

ጥያቄ፦ ደመወዙ እንዴት ነው?

በሁለቱም በኩል መግቢያው ላይ ከሥራው ክብደት ጋር አይመጣጠንም። ከፍ የሚለው ወደ አሠልጣኝነት፣ ወደ ሱፐርቫይዘርነትና ወደ ፕሮግራም ኃላፊነት ሲኬድ ነው።

ጥያቄ፦ በቃለ መጠይቅ መጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» ሲሉኝ ምን ልበል?

«ሱፐርቪዥን አለ ወይ? በምን ያህል ጊዜ? ከማን ጋር?» በል። እኔ ከደመወዝ ቀድሜ የምጠይቀው ይህን ነው። የከበደህን ጉዳይ ይዘህ የምትቀርብበት ሰው ከሌለ የሰው ጭንቀት እያዳመጥክ አትዘልቅም። «ሪፖርትህን በየወሩ እናያለን» ካሉህ ያ ቁጥጥር እንጂ ሱፐርቪዥን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ የሥራ ዝለትን (በርንአውትን) በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ክስተት ብሎታል፤ ጥፋቱን ሁሉ ሠራተኛው ላይ ለሚጥል አለቃ ጥሩ መልስ ነው።

ሁለተኛ፣ የሕፃናት ጥበቃ ፖሊሲያቸውን ጠይቅ። ስለ ቀድሞ ሥራህና ስለ ወንጀል መዝገብህ ሳያጣራ ልጅ የሚያስረክብህ ድርጅት ሌላውንም ሳያጣራ ነው የሚቀጥረው።

ጥያቄ፦ የኦቲዝም ልጅ እናት ነኝ፤ በልጄ ምክንያት ያወቅኩትን ለሌሎች ወላጆች ማካፈል እፈልጋለሁ። ዲግሪዬ ሌላ ነው። ዕድሜዬም ገፍቷል።

እናቴ፣ ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። የሚሰጡትም ስፔሻሊስት ያልሆኑ፣ የሠለጠኑ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚያካሂድ ድርጅት ካለ መጀመሪያ እንደ ተሳታፊ ይግቡ፤ ቀጥሎ አሠልጣኝ መሆን እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው። ስለ ልጅዎ ምን ምን እንደሚያወሩ ግን አስቀድመው ይወስኑ፤ ታሪኩ የእሱም ነው። ለቡድን መሪነት የትራንስፖርት ብቻ ነው ወይስ ክፍያም አለው የሚለውንም ሳያፍሩ ይጠይቁ። ወላጆችን በነጻ ማሠራት የለመዱ ድርጅቶች አሉ።