ቢራው ነው የቆመው ወይስ ልኬቱ ነው የተሳሳተው?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን ላይ በገብስ ብቅል የጠመቅከው ቢራ ግራቪቲው (ከውሃ አንጻር ያለው ጥግግት፤ ስኳሩ ሲብላላ ይወርዳል) ከ1.050 ተነስቷል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሃይድሮሜትሩ፣ ማለትም ተንሳፍፎ ግራቪቲ የሚለካው መሣሪያ፣ 1.016 አለህ። ሪፍራክቶሜትሩ ደግሞ 6.5 ብሪክስ (የስኳር መቶኛ)፣ ወደ ግራቪቲ ሲቀየር 1.026 ገደማ። የቱን ልመን፣ እርሾስ ልጨምር ወይ ነው ያልከው። እባክህ ለጊዜው ምንም አትጨምር። ቢራህ ደህና ይመስለኛል። የተሳሳተው ልኬቱ ነው።

ሪፍራክቶሜትሩ የሚያየው ብርሃን ምን ያህል እንደታጠፈ ነው። ከመብላላቱ በፊት ብርሃኑን የሚያጥፈው በአብዛኛው ስኳሩ ስለሆነ ልክ ይናገራል። አልኮል ከመጣ በኋላ ግን አልኮሉም ያጥፈዋል፤ መሣሪያው ሁሉንም ስኳር ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አብዝቶ ነው የሚያሳየው። የመነሻውን ብሪክስ ይዞ የሚያርም ቀመር አለ። 1.050 ወደ 12.4 ብሪክስ ነው። ይህንንና 6.5ን አስገብቼ ሳሰላው 1.013 አካባቢ ሰጠኝ።

አሁን ወደ ሃይድሮሜትሩ። ቢራው ስንት ዲግሪ ላይ እንደነበር አልጻፍክም። ግን የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቀዋለሁ፣ ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ። አብዛኛው ሃይድሮሜትር 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እንዲነበብ ነው የተሠራው። አንዳንዱ 15.6 ነው፤ ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ጥቅጥቅ ስለሚል መሣሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል። 10 ዲግሪ ላይ 0.0015 ያህል ጨምሮ ያሳይሃል። ሙቅ ሲሆን ይገለበጣል፤ አሳንሶ ያሳያል።

ይህ በደንብ የገባኝ ወደ ሸዋ ሮቢት ከተዛወርኩ በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ በ10 ዲግሪ 1.013 ያነበብኩትን ቢራ ጣርማ በርን አሻግሬ ቆላ አወረድኩት። በ30 ዲግሪ ስለካው 1.009 ሆነ። ያው ቢራ ነው። ያኔም ነገሩን ቸል አልኩት። ቀጣዩን ጠመቃ በዚያው ሙቀት 1.010 አነበብኩና አልቋል ብዬ አሸግሁት። ትክክለኛው ግን ከ1.012 በላይ ነበር፣ እርሾውም ገና አልጨረሰም። አንድ ሌሊት ሁለት ጠርሙስ ፈነዳ። ስብርባሪው ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል በር ድረስ ደርሶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱን ሳልለካ ግራቪቲ አላነብም። አንተም ቁጥሩ እስኪጣራ ድረስ አንድም ጠርሙስ አታሽግ።

ያንተ ላይ ግን ከብርዱ ይልቅ ጋዙ የባሰ ይመስለኛል። ብርድ ቢራ ብዙ ጋዝ አምቆ ይይዛል። ቀድተህ ሞቅ ወዳለ ክፍል ስታመጣው ጋዙ መውጣት ይጀምራል። ጥቃቅኑ አረፋ ሃይድሮሜትሩ ላይ ተለጥፎ ያነሳዋል። ሁለት ሦስት ነጥብ (አንድ ነጥብ 0.001 ነው) እንዲሁ ይጨምርብሃል። ስለዚህ ናሙናውን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ከፍ አድርገህ ሃያ ጊዜ ያህል አገላብጠው። 20 ዲግሪ እስኪደርስ አስቀምጠው። ጉሽ ከሆነ አተላው ይዝቀጥ። ሃይድሮሜትሩን ስታስገባ በጣትህ አሽከርክረው፣ የተለጠፈው አረፋ ይለቀዋል። ዓይንህን ከፈሳሹ ጋር እኩል አድርገህ፣ ጠርዙን ሳይሆን ዝቅ ያለውን መስመር አንብብ። ናሙናውን ወደ በርሜሉ አትመልሰው። ቅመሰው፤ ጣፋጭነቱ ራሱ ብዙ ይነግርሃል።

መሣሪያውንም ፈትሽ። ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ሙቀት (በአብዛኛው 20 ዲግሪ) ንጹህ ውሃ ውስጥ 1.000 ማለት አለበት። 20 ግራም ስኳር በ180 ግራም ውሃ ብታሟሟ ደግሞ 1.040። ውስጡ ያለው ወረቀት አንዳንዴ ይንሸራተታል፤ የኔ አንዱ በሦስት ነጥብ ተሳስቶ ነበር።

«ከፍታው ነው» ብለው የመለሱልህ አሉ። አይደለም፤ ከፍታ ሃይድሮሜትርን አይነካም። የሚነካው ቴርሞሜትር የምትፈትሽበትን መንገድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። በፈላ ውሃ ፈትሸህ ዘጠኝ ዲግሪ ይጎድለዋል ካልክ የብቅሉም የግራቪቲውም ልኬት ይበላሻል። በረዶ በገባበት ውሃ ፈትሸው፣ ዜሮ ማለት አለበት።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም 1.016 ካለህ፣ ያኔ እርሾው በብርድ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ለሦስት ቀን ካልተንቀሳቀሰ ቢራው አልቋል ይባላል፤ በእንዲህ ያለ ብርድ ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ የተኛ እርሾም ቁጥር አያንቀሳቅስም። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ቢራ ቅዳ። ከዚያው ዓይነት ደረቅ እርሾ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምርበት። ሸፍነህ 25 ዲግሪ አካባቢ ባለ ቦታ ለሁለት ቀን አቆየው፣ አልፎ አልፎ ነቅንቀው። ጋዙን አውጥተህ ለካ። ካልወረደ ቢራህ ጨርሷል። ከወረደ በርሜሉን በባና ጠቅልለህ ሞቅ ያለ ክፍል አስገባው፣ አንድ ሳምንት ስጠው። አዲስ እርሾ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

አዲሱን ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝ፣ የናሙናውን ሙቀት ጨምረህ።