ዋሽንግተን ስትመጡ ሥዕል ቤቱን አትለፉት፤ ልጆቻችሁንም በአማርኛ አስጎብኙ

ዋሽንግተን ዲሲ ከመጣሁ 28 ዓመት ሆነኝ። ከዚህ ውስጥ 11ዱን ዓመት የሠራሁት ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ከሚባለው ሥዕል ቤት ጥቂት ብሎክ ርቆ ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ሒሳብ ተቀባይ ነበርኩ። መኪናቸውን አቁመው የሚወጡ ቱሪስቶች "ሙዚየሙ በየት በኩል ነው?" ይሉኛል። በጣቴ አሳያቸዋለሁ። ከጃፓን የመጣው፣ ከብራዚል የመጣው፣ ከኦሃዮ የመጣው ሁሉ እኔ ባመለከትኩት መንገድ ሄዶ ገባ። እኔ በ11 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልገባሁም።

ይህን የማነሳው በየሰመሩ የሚመጣውን ዘመድ ስለማይ ነው። ከዳላስ፣ ከሚኒሶታ፣ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ዋይት ሐውስ አጥር ጋ ፎቶ፣ ሊንከን ደረጃ ላይ ፎቶ፣ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ አሌክሳንድሪያ ሄዶ ክትፎ። በነጋታው ገበያ። ልጆቹ የኋላ ወንበር ላይ ስልክ እያዩ መጥተው ስልክ እያዩ ይመለሳሉ። "ዲሲን አየን" ይላሉ። አላያችሁም። ልንገራችሁ።

1. ወረቀት

መታወቂያ አይጠየቅም፣ ቲኬት የለም፣ ቀጠሮ የለም፤ በር ላይ ቦርሳችሁ ይፈተሻል፣ በቃ።

2. ገንዘብና ሰዓት

መግቢያው ነጻ ነው። ለዜጋም፣ ለእንግዳም፣ ሁልጊዜ። "ነጻ ከሆነ ምን ሊኖረው ነው?" ያለኝ ሰው አለ። ስሙ እንግዲህ። ሙዚየሙ የተከፈተው በ1941 ነው። አንድሩ ሜለን የሚባል ሀብታም ሥዕሎቹንም፣ የሕንፃውንም ወጪ ለሕዝብ ሰጠ። ከሥዕሎቹ 21ዱን በ1930 እና በ1931 የገዛቸው ከሩሲያው ኤርሚታዥ ሙዚየም ነው፤ የሶቪየት መንግሥት ዶላር ሲቸግረው ሸጠለት። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ሥዕል አለ፤ ጂኔቭራ ዴ ቤንቺ የምትባል የፍሎረንስ ወጣት ናት። በ1967 በ5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገዛች። በመላው አሜሪካ አህጉር ለሕዝብ ክፍት የሆነ የሊዮናርዶ የቀለም ሥዕል እሷ ብቻ ናት። ይህን ሁሉ ሳንቲም ሳይከፍሉ ያዩታል።

በየቀኑ ከጠዋቱ 10 እስከ ከሰዓት 5 ክፍት ነው፤ በሀገራችን አቆጣጠር ከ4 እስከ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። የሚዘጋው በፈረንጆች ገናና በአዲስ ዓመታቸው ብቻ ነው። ስለዚህ "እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለን" አይሠራም። ከቅዳሴ በኋላ ሰፊ ጊዜ አለ። መኪናውን ቤት ተዉት፤ በሜትሮ አርካይቭስ ጣቢያ ውረዱ።

3. አካሄድ

ሁለት ሕንፃ ነው። ምዕራቡ የድሮዎቹን ሥዕሎች ይዟል። ምሥራቁ በ1978 የተከፈተ ነው፣ አይ ኤም ፔይ የነደፈው፤ የዘመኑ ሥራዎች እዚያ ናቸው። በመሬት ውስጥ መተላለፊያ ይገናኛሉ። መተላለፊያው ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ መብራቶች ይሮጣሉ፤ ልጆች ከዚያ መውጣት አይፈልጉም። ምሥራቁ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ደግሞ ትልቅ ሰማያዊ አውራ ዶሮ ቆሟል።

ሁሉን አያለሁ ብላችሁ አትሩጡ። አምስት ሥዕል ምረጡ። ሥዕሎች ለእድሳት ይወርዳሉ፣ ለሌላ ሙዚየምም ይዋሳሉ፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የመረጣችሁት መኖሩን ድረ ገጹ ላይ እዩ። ፍላሽ አታብሩ፣ አትንኩ፣ ሥዕሎቹ ያሉበት ክፍል ውስጥ አትብሉ። ወጥታችሁ ሣሩ ላይ ተቀምጣችሁ ያመጣችሁትን ብሉ።

4. ልጆቻችሁ

እዚህ ላይ እቆያለሁ። ለመጻፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው።

ዛሬ ለልጃችሁ በአማርኛ ምን አላችሁት? ተነስ። ጫማህን አድርግ። ብላ። ቶሎ በል። ተው አልኩህ። ስልኩን አስቀምጥ። ተኛ። ይኸው ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው አማርኛ ትእዛዝ ነው። ተረቱ በእንግሊዝኛ ነው። ጨዋታው በእንግሊዝኛ ነው። ጓደኛው፣ ፊልሙ፣ ሳቁ በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ አማርኛን በምን ይውደደው? የሚቆጡት በዚያ ቋንቋ ነው።

ደግሞ እንስቅባቸዋለን። ልጄ አምስት ዓመቷ እያለ አንድ እሑድ ቤት ሙሉ እንግዳ ነበር። ሮጣ መጥታ "እማዬ፣ አጎቴ መጣች!" አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ድገሚው ተባለች፣ እንደገና ተሳቀ። ቀልታ ፊቷን ቀሚሴ ውስጥ ደበቀች። ሰባት ዓመት ሲሞላት በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስ ጀመር። ሁለት ሥራ ነበረኝ፣ ደክሞኛል፣ ዝም አልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ "ትሰማለች እኮ፣ መናገሩ ነው እንጂ" እላለሁ። እናንተም እንደዚያ ስትሉ እሰማለሁ። እባካችሁ ተዉት። "ይሰማል፣ አይናገርም" የሚባለው ልጅ አሥር ዓመት ቆይቶ አይሰማም።

እናስ ሙዚየም ምን ያደርጋል? ሥዕል ፊት ቆሞ ትእዛዝ አይሰጥም። መተረክ ነው። ይሄ ማን ይመስልሃል? ለምን ተቆጣ? ውሻው ምን እያየ ነው? ይሄ ቀለም ሐምራዊ ነው ወይስ ወይን ጠጅ? ፈረሱ ዳማ ነው ወይስ አምባላይ? እነዚህን ቃላት አፓርታማችሁ ውስጥ መቼ ትጠቀሙባቸዋላችሁ? ልጁ እዚህ ሀገር ተወልዶ "አምባላይ" የሚለውን ከማን ይሰማል?

"እኔ ስለ ሥዕል ምን አውቃለሁ?" ትሉኛላችሁ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው 11 ዓመት በጣቴ ሳመለክት የኖርኩት። ምዕራቡ ሕንፃ ገብታችሁ የጣሊያኖቹን ክፍሎች እዩ። ግማሹን ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ። የአሜሪካ ተማሪ ጽሑፉን አንብቦ የሚረዳውን እናንተ ከሩቅ ታውቁታላችሁ።

የራፋኤል ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። ከአንድ የደብተር ገጽ ብዙም አይበልጥም፤ ልጁን አቅርባችሁ አሳዩት። ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ዘንዶ፣ ከኋላ ተንበርክካ የምትጸልይ ልጅ። እሷን እኛ ብሩታዊት እንላታለን። በኛ ሥዕል ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ ሆና ነው የምትታየው። ይህን ለልጁ ንገሩት፤ ቤት ያለውን የጊዮርጊስ ሥዕል ሄዶ ያነጻጽር።

ሩበንስ የሣለው ዳንኤል በአንበሶች ጉድጓድ አለ። ወርዱ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። አንበሶቹ በሕይወት ያለ አንበሳ ታይቶ የተሣሉ ናቸው፣ ሠዓሊው ራሱ በደብዳቤ ጽፎታል። አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ እናንተን ያያል። ልጁ አንበሶቹን በአማርኛ ይቁጠር።

ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ ከሬምብራንት ወርክሾፕ የወጣውን፣ ዩሱፍ በጌታው ሚስት የተከሰሰበትን ሥዕል ፈልጉ። ታሪኩን እናታችሁ ወይ የቁርኣን መምህራችሁ እንደነገሯችሁ አድርጋችሁ ንገሩት።

ከሁሉ በላይ ግን የያን ቫን አይክ ብሥራት ፊት ቁሙ። በ1430ዎቹ የተሣለ፣ ጠበብ ብሎ ረዘም ያለ ሥዕል ነው። የገብርኤል ክንፍ እንደ ቀስተ ደመና ነው። ከአፉ በወርቅ ፊደል ሰላምታው ይወጣል። የእመቤታችን መልስ ግን ተገልብጦ ነው የተጻፈው። ለምን ይመስላችኋል? መልሱ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ የሚያነበው እግዚአብሔር ነው። ይህን ለልጅ ስትነግሩት አንገቱን ጠምዝዞ ያያል። እሷ ፊት መጽሐፍ ተከፍቷል። የኛ እናቶች ደግሞ ገብርኤል የመጣው ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነው ይላሉ። ሁለቱንም ንገሩት።

ሕጉ አንድ ነው፤ እዚያ ውስጥ በአማርኛ አውሩ። ልጁ በእንግሊዝኛ ቢመልስ አትቆጡ፣ እናንተ ቀጥሉ። ቢሳሳት አትሳቁ። "መጣች" ካለ "አዎ፣ መጣ" ብላችሁ እለፉ። ሰው ሲያያችሁ ድምፃችሁን አታጥፉ። እዚያ ቤት ውስጥ ጣሊያኑ በጣሊያንኛ፣ ቻይናው በቻይንኛ ያወራል። የኛ ሰው ብቻ ሲያፍር አያለሁ። ያናድደኛል።

5. የራሳችን ሠዓሊዎች

ኤምባሲ ለውክልና ወይ ለቢጫ ካርድ ስትሄዱ ወረቀታችሁን ብቻ እያያችሁ አትውጡ። እስክንድር ቦጎስያንና ከበደች ተክለአብ በ2001 የሠሩት ትልቅ የግድግዳ ሥራ እዚያ አለ። እስክንድር እዚሁ ዲሲ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት አስተምሯል፣ በ2003 እዚሁ አረፈ። ሥራዎቹ በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥም አሉ። ባልቲሞር ብትሄዱ ዎልተርስ የሚባለው ሙዚየም የኛን የብራና ወንጌልና መስቀሎች ይዟል፤ እሱም ነጻ ነው። ለንደን ያላችሁ፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሄዳችሁ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደውን የወርቅ ዘውድ ልጆቻችሁን አሳዩ። እንዴት እዚያ እንደደረሰም በአማርኛ ንገሯቸው። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

6. እናቶቻችሁ

እናቴ በ2006 መጥታ ስድስት ወር ተቀመጠች። ልጄን እንድትጠብቅልኝ ነው ያመጣኋት፣ አልዋሽም። ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እገባለሁ። በዕረፍቴ ቀን ገበያ ወሰድኳት። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ዕቃ እስክገዛ ጠበቀችኝ። አያትና የልጅ ልጅ ስድስት ወር አንድ ክፍል ውስጥ ሲተያዩ ከረሙ። እናቴ ታወራለች፣ ልጄ ፈገግ ትላለች። ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ተመልሳ በሄደች በሁለተኛው ዓመት አረፈች።

ከዓመታት በኋላ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሥነ ጥበብ ታሪክ ክፍል ወሰደች። "እማዬ፣ ነይ አንድ ቦታ ላሳይሽ" ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። እኔ በጣቴ የማሳየው በር ነበር። ያን የቫን አይክ ሥዕል ፊት አቆመችኝና በእንግሊዝኛ ታስረዳኝ ጀመር። መልአኩ ማን እንደሆነ፣ አበባው ምን ማለት እንደሆነ። ጎበዝ ናት፣ ጥሩ አድርጋ አጥንታዋለች። እኔ ግን የምሰማው ሌላ ነበር። እናቴ በየጠዋቱ ሳትነጋገር፣ ፊቷን ሳትታጠብ የምትጀምረው "በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መልአክ" ብላ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ሳሎኔ ውስጥ ስትለው ነበር። ያ ሥዕል ያ ጸሎት ነው። ከቤቴ በሜትሮ 25 ደቂቃ ርቀት ላይ ነበር። እናቴን እዚያ ባቆማት ኖሮ በእጇ እያሳየች ለልጄ ትተርክላት ነበር። ልጄም ሥዕሉን እያየች ቃሉን ትይዝ ነበር። አሁን አያቷ ምን ትል እንደነበር እኔን ትጠይቀኛለች፣ እኔም በተሰባበረ እንግሊዝኛ እነግራታለሁ።

እናታችሁ ወይ አባታችሁ አሁን እናንተ ጋ ካሉ የሚመጣውን ቅዳሜ ለዚህ ስጡት። "ይደክማቸዋል" አትበሉ፤ በር ላይ ዊልቸር በነጻ ያውሳሉ፣ ጠይቁ። ሹራብ ያዙላቸው፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ነጠላቸውን ለብሰው ይሂዱ። ልጁን አጠገባቸው አስቀምጡና እናንተ ራቅ በሉ። ስልካችሁን አውጡ፤ ለፎቶ አይደለም፣ የሚሉትን ቅዱት።

እኔ ጋ የቀረው የእናቴ ድምፅ ስልክ ላይ የተወችው መልእክት ነው። አርባ ሰከንድ አይሞላም። "ደወልኩልሽ፣ አላነሳሽም። ሥራ ላይ ነሽ መሰለኝ" ነው የሚለው።