የማንፈልጋቸውን የመዋቢያ ዕቃዎች ምን እናድርጋቸው? ጥያቄና መልስ

በመሳቢያና በመታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ ስለተከማቹ፣ ስላልተወደዱ ወይም ስላልተስማሙ ቅባቶች፣ ሽቶዎችና ቀለሞች የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ተቀራራቢዎቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ሙያዬ ፋርማሲ ነው፤ ስለዚህ ከቁጠባው ይልቅ ለቆዳና ለዓይን ጤና የማደላ ብመስል አትቀየሙኝ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እህቴ ከአሜሪካ የምትልክልኝ ሎሽንና ሻምፖ ሳይከፈት ተከማችቶብኛል። በብዙዎቹ ላይ የሚያበቃበት ቀን አልተጻፈም። ለሰው ብሰጥ ነውር ይሆናል?

መልስ፦ ነውር የለውም። የአሜሪካ ሕግ በመዋቢያ ዕቃ ላይ የሚያበቃበት ቀን እንዲጻፍ ስለማያስገድድ፣ የቀኑ አለመኖር ብቻውን ሊያሳስብዎ አይገባም። በብዙ ዕቃዎች ጀርባ ላይ ክዳኑ የተነሣ የትንሽ ብልቃጥ ሥዕል፣ ከእርሱም ጋር 6፣ 12 ወይም 24 የሚል ቁጥር ያገኛሉ፤ ይህ ቁጥር ዕቃው ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልባቸውን ወራት እንጂ ከተመረተበት ቀን ጀምሮ ያለውን ዕድሜ አያመለክትም። ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ የተቀመጠ፣ ውኃውና ዘይቱ ያልተለያየ፣ ሽታውም ያልተለወጠ ከሆነ ለዘመድም ለጎረቤትም ይስጡ። እንደ ሜቄዶንያ ላለ የአረጋውያን መርጃ ማዕከል ሊወስዱት ካሰቡ ግን አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ፤ በእኔ ግምት ብዙ ሰው ለሚታጠብበት ቤት ሳሙናና ሽታ የሌለው ቅባት ከሽቶ ሎሽን ይልቅ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ የተከፈተ ማስካራ፣ ሊፒስቲክና ፋውንዴሽን ለታናሽ እህቴ ልስጣት?

መልስ፦ ማስካራውን አይስጧት። ብሩሹ ከዓይን ሽፋሽፍት ወደ ጨለማና እርጥብ ቱቦ በተመላለሰ ቁጥር ጀርም ይዞ ስለሚገባ፣ ለራስዎም ቢሆን ከተከፈተ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መጣል ይገባዋል። ፈሳሽ ኩልም እንደዚያው ነው። ሊፒስቲክ የላይኛው ክፍሉ በንጹሕ ምላጭ ተቆርጦ ከተነሣ በኋላ በአልኮል ከተጠረገ በቤተሰብ መካከል ቢተላለፍ ብዙም አልቃወምም፤ ከንፈሩ የቆሰለ ሰው የተቀባውን ግን ይጣሉት። ፋውንዴሽን በፓምፕ የሚወጣ ከሆነ ይሁን፤ ጣት እየተነከረ የሚወጣ ከሆነ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ፊት የሚያቀላ ክሬም ገዝቼ ጥቂት ጊዜ ከተቀባሁት በኋላ ፊቴን ስላቃጠለኝ ተውኩት። የቤት ሠራተኛዬ ግን «ከምትጥይው ለእኔ ስጪኝ» ትለኛለች።

መልስ፦ እህቴ፣ አይስጧት። የእርስዎን ፊት ያቃጠለ ነገር የእርሷን አይነካም የሚያሰኝ ምክንያት የለም፤ ብትቀየምም ምክንያቱን ቁጭ ብለው ያስረዷት። በእነዚህ ክሬሞች ውስጥ በተደጋጋሚ ሲገኙ የቆዩት ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን (የቆዳን ቀለም የሚያደበዝዝ ኬሚካል) እና እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ጠንካራ ስቴሮይዶች (በሐኪም የሚታዘዙ የቆዳ መድኃኒቶች) ናቸው። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ጉዳቱም በተቀባው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም፤ በፎጣና በትራስ ልብስ በኩል አብረው ለሚተኙ ልጆችም ይተርፋል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት በአንድ ኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበትን መዋቢያ ማምረትንም ሆነ ከአገር አገር ማዘዋወርን እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ ከልክሏል፤ አባል አገራት በ2023 ባደረጉት ስብሰባም ይህ ጣሪያ ራሱ ቀርቶ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በሙሉ እስከ 2025 እንዲቆም ወስነዋል። ሆኖም ዕቃው ዛሬም በየሱቁ አይጠፋም። ማሸጊያው ላይ «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩሪክ አዮዳይድ» የሚል ካዩ፣ ወይም «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካነበቡ፣ ሜርኩሪ እንዳለበት ይጠርጥሩ፤ የጣት ቀለበትን የሚያበላሽ ክሬም ለጉንጭ አይሆንም።

ሲጥሉት ክዳኑን አጥብቀው፣ በሁለት ፌስታል ቋጥረው፣ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ለይተው ያስወግዱት። ሜርኩሪ በሙቀት ስለሚተን ከቆሻሻ ጋር አያቃጥሉት፤ ወደ ሽንት ቤትም አይድፉት። የገዙበትን ሱቅና የዕቃውን ስም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቢያመለክቱ ደግሞ ከእርስዎ ቀጥሎ የሚገዛው ሰው ይተርፋል። ክሬሙን ካቆሙ በኋላ ፊትዎ ይብስ ደም ከመሰለና ካሳከከዎ ስቴሮይድ ነበረበት ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ ክሬም ሳይደርቡበት በአለርት ሆስፒታልም ሆነ በአቅራቢያዎ የቆዳ ሐኪም ይታዩ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ የጥፍር ቀለም፣ አሴቶንና ጸጉር ላይ የሚረጭ ስፕሬይ የት ልጣል?

መልስ፦ ሦስቱም በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ስለሆኑ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አይድፏቸው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ ከሆኑ በሼዲ ግሮቭ ያለው የቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያ የቤት ውስጥ አደገኛ ቆሻሻን ይቀበላል። ታጥበው የደረቁ ባዶ ብልቃጦችንና ቱቦዎችን ደግሞ እንደ ሴፎራ ያሉ የመዋቢያ ሱቆች ይሰበስባሉ፤ የሚወስዱት ግን ባዶውን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህኑ ለዘመድ በሻንጣ ብወስድስ?

መልስ፦ የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ለአንድ መንገደኛ እነዚህን ሁሉ ተደምረው እስከ 2 ሊትር ወይም 2 ኪሎ፣ እያንዳንዱንም ዕቃ እስከ 500 ሚሊ ሊትር ወይም ግማሽ ኪሎ ይፈቅዳል፤ ሽቶም ከዚሁ ይቆጠራል። በእጅ የሚያዝ ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ፈሳሽ ገደብ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። የተጀመረ አሴቶን ይዞ ውቅያኖስ መሻገር ግን ትርፉ አይታየኝም።

ጥያቄ፦ ያልወደድኩትን ሽቶ ምን ላድርገው? ጠርሙሱንስ ለቆራሌው ልስጠው?

መልስ፦ ሽቶው ካልተበላሸ ለሚወደው ሰው ይስጡ፤ የሽቶ ምርጫ የየሰው ነውና ቅሬታ አያመጣም። ቤት ውስጥ የሚረጩት ከሆነ ግን አብዛኛው ክፍሉ አልኮል ስለሆነ ከሰል በተቀጣጠለበት፣ ቡና በሚፈላበት አካባቢ አይሁን። ጠርሙሱን ለቆራሌው ሲሰጡ መርጫውን ነቅለው፣ ጽሑፉንም ፍቀው ይስጡ፤ ያለበለዚያ ውስጡ ሌላ ፈሳሽ ተሞልቶ «ኦሪጅናል» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጸጉሬን ያደረቀው ሻምፖና ኮንዲሽነርስ?

መልስ፦ ሻምፖው ማበጠሪያና ሹራብ ያጥባል፤ ኮንዲሽነሩ እግር ለሚላጭ ሰው ምላጩን ያለሰልሳል።

ጥያቄ፦ የተረፈኝን የጸጉር ቀለም ለሚቀጥለው ወር ላስቀምጠው?

መልስ፦ ሁለቱ ቱቦዎች ገና ካልተቀላቀሉ ክዳናቸውን አጥብቀው ማስቀመጥ ይችላሉ። ከተቀላቀለ በኋላ ግን በፍጹም አይዝጉበት፤ በውስጡ ያለው ፐሮክሳይድ ጋዝ ስለሚፈጥር የታሸገው ብልቃጥ ሊፈነዳ ይችላል። የተረፈው ጥቂት ከሆነ በብዙ ውኃ አጥበው ያስወግዱት።